ባል ለማየት ሄጄ ባሕር ያየሁባቸው አምስት ቀናት

«ሴት ልጅ ባል ልታይ አትሄድም። ባል ነው የሚመጣው፤ ያውም ሽማግሌ ልኮ።»

ይህን ፊት ለፊቴ ያለኝ ታላቅ ወንድሜ ደሳለኝ ነው፤ ደቡብ አፍሪካ፣ ጆሃንስበርግ ዳር ጻካኔ በሚባል ሰፈር ባለው ሱቁ ውስጥ፣ የዳቦ ሣጥን ላይ ተቀምጦ። እኔም ሽማግሌዎቹ በስልክ መምጣት ከቻሉ እኔ በታክሲ ብሄድ ምን አለበት አልኩት። ውሸቴን አልነበረም። ኮሮና በገባ በሁለተኛው ዓመት ነበርና ሦስቱ ሽማግሌዎች አንዱ ደርባን፣ አንዱ ሩስተንበርግ፣ አንዱ አገር ቤት ዱራሜ ሆነው በዋትስአፕ ተሰብስበው ነው የጠየቁኝ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ የዱራሜው ሽማግሌ ምርቃቱን ሲጨርሱ የደርባኑ ገና «ልጃችሁን ለልጃችን» የሚለው ላይ አልደረሱም ነበር። አሜን ብለን ጥያቄውን ጠበቅን።

ጠያቂው ታረቀኝ ይባላል። እሱ የዱራሜ ልጅ፣ እኔ የሆሳዕና ነኝ፤ ስለዚህ የምንግባባው በአማርኛ ነው። ፖርት ሴንት ጆንስ በምትባል ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ የሰፈር ሱቅ ይሠራል፤ እዚህ ስፓዛ የሚሉትን። ደሳለኝ ስለ እሱ ሲያወራ የሚደጋግመው አንድ ነገር ነው፤ «ስድስት ዓመት ሙሉ ሱቁን አንድ ቀን ዘግቶ አያውቅም።» እሺ ካልኩ ጆሃንስበርግ መሃል ጀፕ በሚባለው ገበያ የምሠራበትን የአንሶላና የብርድ ልብስ ሱቅ ትቼ እዚያ ልኖር ነው። እግሬ ያልረገጠው አገር ላይ ለመኖር እሺ አልልም፣ አገሩንም ሰውዬውንም አይቼ መልሴን እዚያው በአፌ ሰጥቼ እመለሳለሁ አልኩ። ደሳለኝ አንድ ሳምንት ካኮረፈ በኋላ፣ ልጁ ቤት እንዳላድር አስምሎ ለቀቀኝ። የማድረው ሱቁን ያከራዩት አሮጊት ዘንድ እንዲሆን ከታረቀኝ ጋር ተነጋገሩ። የወንድሜ ሚስት ደግሞ ባዶ እጅሽን አትሂጂ ብላ ለታረቀኝ አንድ ኪሎ ሚጥሚጣ በላስቲክ ቋጥራ ሰጠችኝ። ያ ሚጥሚጣ ሊያስገድለኝ ነበር።

ሐሙስ

ሰዓት እላፊው እንዳበቃ ከታክሲ ተራው ደረስኩ። ታክሲ የምለው እኛ አገር ዶልፊን የምንለው ሚኒባስ ነው፤ ከኋላው ግን ተጎታች አለው፣ ተጎታቹ ላይ ብርድ ልብስ፣ ባልዲ፣ የሕፃን አልጋ፣ አንድ ሙሉ በር ከነማጠፊያው ተጭኗል። ሰው ከጆሃንስበርግ ወደ ገጠሩ በር ይዞ ይሄዳል። ከሆሳዕና አዲስ አበባ ስንሄድ ቅቤና ቆጮ ጭነን ነው፤ እዚህ ከከተማ ወደ ገጠር ነው ዕቃው የሚሄደው። እንደኛው ግን ረዳቱ ይጮሃል፣ ሞልቷል ይባላል፣ ከዚያ ሁለት ሰው ይጨመራል።

ፍሪ ስቴት የሚባለውን አገር የሄደበት ያውቀዋል፤ ሜዳ ነው፣ በቆሎ ነው፣ ደግሞ ሜዳ ነው። አንድ እንቅልፍ ተኝቼ ስነቃ ያው በቆሎ። ኮክስታድ ከምትባል ከተማ በኋላ ግን ምድሩ መነሣትና መውደቅ ጀመረ፤ ኮረብታው ላይ ሁሉ ክብ ቤት። የኛው ጎጆ ነው ቁርጥ፣ ግድግዳው ብቻ የውሃ ሰማያዊ ተቀብቷል። በየደጁ እንሰት ፈለግሁ። አንድም የለም። ቤቱን ሠርተው መብሉን የረሱ መሰለኝ።

እዚያ ጋ ነው የራበኝ። ዳቦ ላወጣ ቦርሳዬን ስከፍት ላስቲኩ ተቀዷል። በኮሮናው ሕግ መስኮት ክፍት ነበር፤ ነፋሱ ገባና ሚጥሚጣውን አነሣው። መጀመሪያ ያሳለችው ከጎኔ ያለችው ሴት ናት። ከዚያ ከፊቷ ያለው ሰውዬ። ከዚያ ሁሉም። እንግዲህ በዚያ ዘመን ታክሲ ውስጥ አንድ ሰው ሲያስል ምን እንደሚሆን ያየ ያውቃል፤ አሥራ አንድ ሰው ሲያስል አስቡት። ሹፌሩ ራሱ ዐይኑ እያለቀሰ ዳር ያዘ። ሁላችንም ወርደን ሜዳው ላይ ተራርቀን ቆምን፣ ሁሉም ጎረቤቱን እንደ ገዳይ ያየዋል። አንዲት ወፍራም ሴትዮ በዙሉ ቋንቋ «ማነው ይዞት የመጣው?» ብላ ጠየቀች። በሽታውን ማለቷ ነው። እኔ ነኝ አልኩና ላስቲኩን ከፍ አድርጌ አሳየሁ። በርበሬ ነው፣ እናንተ ፔሪ ፔሪ የምትሉት ዓይነት የመንደራችን ቅመም ነው ብዬ በምለው ዙሉ ሁሉ አስረዳሁ። ሹፌሩ ማስኩን አውርዶ በጣቱ ነክቶ ላሰ። ሁሉም ዝም ብሎ አፉን ያየዋል። ጎንበስ አለ፣ ውሃ ጠየቀ፣ ግማሽ ሊትር ጠጣ። ከዚያ ለዶሮ ጥብሱ የሚሆን በጋዜጣ ጠቅልዬ እንድሰጠው ጠየቀኝ። ሰጠሁት። ከዚያ በኋላ እስከ ሉሲኪሲኪ ድረስ ስሜ በርበሬ ሆነ።

ሉሲኪሲኪ በምትባለው ከተማ ታክሲ ይቀየራል፤ ከዚያ ወደ ባሕሩ መውረድ ነው። ቁልቁለቱ እየሞቀ ይሄዳል። ወንዙ ዳር ስንደርስ እንሰት አየሁና «እንሰት!» ብዬ በአማርኛ ጮህኩ። ሙዝ ነበር። ኡምዚምቩቡ የሚሉት ወንዝ ቡናማና ሰፊ ነው፤ በሁለት ገደል መካከል ልክ በተከፈተ በር እንደሚገባ ከብት ዝም ብሎ ያልፋል። ከድልድዩ ማዶ ከተማዋ ናት፤ ከተማ ማለት ከሆነ። ጀፕ አንድ ሕንፃ ውስጥ ያሉት ሱቆች ከሷ ይበዛሉ።

አከራይዋ ማማ ኖማቴምባ ተራው ላይ በጃንጥላ ሥር ቆመው ጠበቁኝ። ወደ ቤታቸው ከመውሰዳቸው በፊት በሱቁ በኩል አዞሩኝ። እናም ሊያገባኝ የጠየቀኝን ሰው መጀመሪያ ያየሁት በፍርግርግ ብረት ውስጥ፣ በአራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን ተቆራርጦ ነው። ቀጭን ነው፣ ጢሙን ተላጭቷል። እንኳን ደህና መጣሽ፣ መንገዱ አልከበደሽም ብሎ ቀዝቃዛ ጭማቂ በብረቱ ሥር አሾለከልኝ። ሚጥሚጣውን፣ የተረፈውን፣ በዚያው ቀዳዳ አሾለክሁለት። ከኋላዬ ያለው ሰው «ማይ ፍሬንድ፣ ኤርታይም» አለ፤ የሞባይል ካርድ መጠየቁ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ታረቀኝን ማይ ፍሬንድ እያለ ነው የሚጠራው። ስሙን የሚያውቁት ማማ ብቻ ናቸው።

እራት የተፈተገ በቆሎና ባቄላ አብረው የተቀቀሉ ነበር። ማማ የኛ የኮሳዎች ምግብ ነው፣ አታውቂውም አሉኝ። ንፍሮ ነው አልኳቸው። ሁለት ሳህን በላሁ።

ዓርብ

ማማ ጠዋት ወደ ባሕሩ ወሰዱኝ። ወንዙ ከባሕሩ የሚገናኝበት ቦታ ነው። የባሕሩ ዳርቻ በሽታው ሲብስ በመንግሥት ተዘግቶ ከርሞ ከተከፈተ ገና ጥቂት ሳምንቱ ነበር፤ ባሕር እንዴት ይዘጋል ብዬ ጠየቅሁ፣ ማማ ፖሊስ አሸዋው ላይ ይቆማል አሉኝ።

ሐዋሳን አይቼ ባሕር አየሁ ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። ይቅር በሉኝ። ሐይቅ ማዶ አለው፣ ጎረቤት አለው። ይኼ ማዶ የለውም። ድምፁ ደግሞ እንደ ዝናብ ነው ብዬ ነበር፣ አይደለም፤ ዝናብ ያባራል። ቡናማው ወንዝና አረንጓዴው ባሕር የሚገናኙበት ላይ በቢላ የተቆረጠ የመሰለ መስመር አለ፣ ሁለቱም ለመደባለቅ እሺ አይሉም። ውሃውን ቀመስኩት። ጨው እንዳለው ሁሉም ነግሮኛል፣ ይህን ያህል ነው ያለኝ ግን የለም፤ ምላሴ ደረቀ። ማማ ከጉልበትሽ በላይ እንዳትገቢ፣ እዚህ ሻርክ አለ አሉ። ጉልበቴም ጋ አልደረስኩም።

በመልሱ ሱቁ ጋ ቆምኩ። ታረቀኝ እያስተናገደ በመካከል በመካከል ይጠይቀኛል፤ ስፋቱን፣ ድምፁን፣ አሸዋው እንዴት እንደሆነ። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ገባኝ።

«አንተ አላየኸውም እንዴ?»

«ስመጣ ከድልድዩ ላይ ወንዙን አይቻለሁ።»

«ስድስት ዓመት?»

«ሱቅ አለ እኮ» አለ።

ከሱቁ እስከ ባሕሩ በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። ነገሩን አስረዳኝ። ሸሪክ ነበረው። አሠራሩን የኛ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ሁለት ሰው አንድ ሱቅ ይይዛል፣ ሦስት ወር አንዱ ይቀመጣል፣ ሦስት ወር ሌላው። የታረቀኝ ተራ ሲያበቃ ዕቃ ሊገዛ ጀፕ ይሄድ ነበር እንጂ ባሕር አይሄድም። ከዚያ ሸሪኩ እናቱን ሊጠይቅ አገር ቤት ገባ፣ ድንበር ተዘጋ፣ በዚያው ቀረ። ታረቀኝ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ብቻውን ነው፤ ዕቃውን መኪና ያመጣለታል፣ የሚተኛው ከባንኮኒው ሥር በተነጠፈ ፍራሽ ላይ ነው።

ማታ ማማ ቤት ግድግዳው ላይ የማዕድን ቆብ ያደረገ ሰው ፎቶ አየሁ። ባላቸው ነው፣ ጆሃንስበርግ ወርቅ ቆፋሪ የነበረ። በየታኅሣሡ ይመጣ ነበር አሉ፤ ሠላሳ ዓመት ተጋብተው አብረው የኖሩበት ጊዜ ተደምሮ ሦስት ዓመት እንደማይሞላ ነገሩኝ። ከዚያ ዙሉዬ እንደ ታክሲ ሹፌር ነው፣ ማን ነው ያስተማረሽ ብለው ሳቁብኝ። ደንበኞች አልኳቸው።

ቅዳሜ

የማማ ጎረቤት ባኪ የሚሏት ፒካፕ አለችው፤ ወደ ሁለተኛው የባሕር ዳርቻ ወሰደን። ኋላ ላይ ከጎመንና ከሁለት ፍየል ጋር ተቀመጥኩ። እዚያ ያየሁትን ብነግራችሁ አታምኑኝም፤ ላሞች ባሕር ዳር አሸዋ ላይ ተኝተው ያመሰኳሉ። እረኛ የለ፣ ሣር የለ። ሆሳዕና ላም ውሃ ዳር የምትሄደው ልትጠጣ ነው፤ እነዚህ ነፋስ ሊቀበሉ፣ ዝንብ ሊሸሹ ነው አሉኝ። እንደ ሀብታም ሰው አየር ይቀይራሉ።

ከዚያ ወዲያ ድንጋዩ የተሰነጠቀበት ቦታ አለ። ማዕበሉ ከሥር ይገባና በቀዳዳው ወደ ላይ ይተፋል፣ እንደ ማንቆርቆሪያ። ማማ ራቂ አሉ። እኔ መስማት የምወድ ሰው አይደለሁም። ከየት እንደሚገባ ለማየት ጠጋ አልኩ፤ ጫማዬን አውልቄ ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ነበር። ውሃው መጣ፣ እኔን እስከ ራሴ አርሶ ጫማዬን ይዞ ሄደ። አንዱን ትንሽ ቆይቶ ሩቅ ላይ አየሁት፣ ተገልብጦ ይዋኛል። የማማ ሳቅ ከባሕሩ ድምፅ በለጠ። ከዚያ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው በገዛ ሻሻቸው ፀጉሬን አደረቁ። ወደ ቤት የተመለስኩት በሟች ባላቸው የጎማ ቦቲ ነው፤ ጎረቤትየው ለዝናብ ተውሶት ከመኪናው አልወጣም ነበር።

በዚያ ቦቲ እየተንሿሿሁ በሱቁ ሳልፍ ታረቀኝ አየኝ። አልሳቀም። ዞር ብሎ ከመደርደሪያው ሁለት ጥንድ ሲሊፐር አወረደ፣ አንድ ቀይ አንድ ሰማያዊ፣ ምረጪ ብሎ በብረቱ ሥር ገፋልኝ። ሁለቱም በልኬ ነበሩ። ቁጥሬን ማን ነገረህ ስለው፣ ሐሙስ ስትመጪ አይቻለሁ አለ። በግልጽ ልጻፈው፤ ወደድኩት። ቀዩን ወሰድሁ።

እዚያው ቆሜ ነገ ከሰዓት ለአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ዝጋና አብረን ባሕር እንሂድ አልኩት። መልሴን ከዚያ በኋላ ነው የምነግርህ አልኩ። ወደ መደርደሪያው ዞሮ ዳቦውን፣ ስኳሩን፣ ሳሙናውን አንድ በአንድ አየ። እንደሚያስፈቅዳቸው ነበር። ከዚያ እሺ አለ።

እሑድ

ታረቀኝ የእሑድ ጠዋት ጸሎቱን በስልክ ነው የሚካፈለው፤ ስልኩ ከሚዛኑ ጎን ቆሞ ጆሃንስበርግ ያሉት ሲዘምሩ እሱ አብሮ እያዜመ እንቁላል ይቆጥራል። ከሰዓት በሩን ዘጋ። ሁለት ጓጉንቸር አለው። ሃያ እርምጃ ሄደን ተመልሶ ጓጉንቸሮቹን ጎተተ። ኮት ለብሷል፣ ጫማው ተወልውሏል፤ ባሕሩ እንደ ትልቅ ሰው ቤት ሊጠየቅ ነው። ስልኩ መጮህ ሲጀምር ድምፁን እንዲያጠፋ ለመንኩት። አጠፋው። ይኼ የኔ ጥፋት ነው።

አሸዋው ጋ ሲደርስ ቆመ። ዐይኑ ከማዕበሉ ጋር ይመጣል ይሄዳል።

«ማታም እንዲህ ነው?» አለ በመጨረሻ።

አዎ አልኩት።

«ምንም አያርፍም?»

ያዘነለት መሰለኝ። ከዚያ ጫማውን አውልቆ ካልሲውን ውስጡ ከተተ፣ ሱሪውን ሰበሰበና ገባ። ማዕበሉ ሲመታው እንደ ሕፃን ሳቀ። አምስት ቀን ሙሉ ጥርሱን ያየሁት ያኔ ነው፤ ከፊት አንዱ ትንሽ ተሰብሯል። ውሃውን ቀመሰና ወደኔ ዞሮ ፊቱን አጨማደደ። የእኔን ሰው አገኘሁ ብዬ አሰብኩ። ላገባው እንደምችል ያሰብኩት እዚያ ላይ ነው። ከውሃው ወጥቶ ከጎኔ ተቀመጠ፣ ደስ ብሎታል፣ እየተነፈሰ ነው።

«አንቺ ስትመጪ እኮ እንደ ድሮው ይሆናል» አለ። «አንዳችን ሱቅ፣ አንዳችን እዚህ። በየሳምንቱም ቢሆን። በተራ እናየዋለን።»

ስጦታ እንደሚሰጥ ሰው ነበር የተናገረው። ፊቴን እያየ ይጠብቃል። ግድግዳው ላይ ያለው የማማ ባል ትዝ አለኝ።

ከመናገሬ በፊት ከመንገዱ በኩል ለቅሶ ሰማን። ማማ ኖማቴምባ ናቸው፣ ጃንጥላቸውን እንደ ምርኩዝ እየወጉ፣ ከኋላቸው አምስት ስድስት ሴቶች። ለካ ሰፈሩ ተሸብሯል። ስድስት ዓመት ያልተዘጋ ሱቅ በእሑድ ከሰዓት ተዘጋ፣ በሩን ቢደበድቡ መልስ የለም፣ ስልኩ ቢደወል አይነሣም። በዚያ ዘመን ይኼ አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው። ማይ ፍሬንድ በኮሮና ሞቶ ውስጥ ተኝቷል ተብሎ አንዱ መጥረቢያ ሊያመጣ ሄዷል። ማማ ደግሞ ልጅቷን ፈልጌ ላርዳ ብለው ወደ ባሕሩ መጡ። ታረቀኝን ባዶ እግሩን አሸዋ ላይ ሲያዩት መጀመሪያ በጃንጥላው ትከሻውን መቱት፣ ከዚያ ርቀት ጠብቁ የተባለውን ሁሉ ትተው አቀፉት። ሌሎቹም ሴቶች መጥተው ነካኩት። አንዷ ስሙን ጠየቀችው፤ ስታለቅስ የምትጠራው ስም አጥታ ነበርና። ታረቀኝ አላት። ደጋግማ ሞከረችው።

እሱ ግን የሰማው መጥረቢያ የሚለውን ብቻ ነው። ጫማውን በእጁ ይዞ ሽቅብ ሮጠ፣ ኮቱ እንደ ክንፍ ከኋላው እየተነሣ። ሴቶቹ እየሳቁ ተከተሉት። እኔ አሸዋው ላይ ቆየሁ።

ሰኞ

ማማ የተቀቀለ እንቁላልና ስኳር ድንች ቋጠሩልኝ፤ ለወንድምሽ ብለው የሙዝ ዘለላም ጨመሩ። ቀዩን ሲሊፐር አደረግሁ። ታክሲ ተራው ከሱቁ ጥቂት አለፍ ብሎ ነው። ሱቁ በር ላይ ጠዋት ሰልፍ አለ፤ ተሰለፍኩ። ከፊቴ ሁለት ሰው ነበር። ተራዬ ሲደርስ ታረቀኝ ስኳር እየሰፈረ ነበር፣ ቀና ብሎ አየኝና ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ታረቀኝ፣ አልመጣም» አልኩት።

«ባሕሩን አልወደድሽውም?»

«ወድጄዋለሁ። አንተንም ወድጄሃለሁ። በተራ ግን አልችልም።»

«ሸሪኬ ሲመለስ...» ብሎ ጀመረ። መቼ አልኩት። ከኋላዬ ያለችው ሴት ዳቦ ብላ እጇን በትከሻዬ ላይ አሳልፋ ዘረጋች፤ ሰጣት፣ መልሷን ሰጣት። የትናንቷ ሴት ናት። «ታሬኬ» ብላ አመሰገነችው።

ወደ ብረቱ ጠጋ አለ። «ለደሳለኝ እኔ ነኝ የተውኳት ብዬ እነግረዋለሁ። አንቺን እንዳይቆጣሽ።»

«አትዋሽልኝ። እሷ ናት እምቢ ያለችው በለው።»

በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ጎንበስ ብሎ ብስኩትና ውሃ በብረቱ ሥር አሾለከልኝ፣ ለመንገድ አለ። ተቀበልኩ። ቀጣዩ ሰው ወደፊት ገፋኝ።

ታክሲው አንድ ሰው ብቻ ቀርቶት ነበር። ማማ ሙዙን ጭኔ ላይ አስቀምጠው በሩን ራሳቸው ሳቡት፤ ሹፌሩ ማስክሽን አድርጊ አለኝ፣ አደረግሁ። ወንዙን ተሻገርን፣ ዳገቱን ጀመርን።